አንድ አስበልቶ ሦስት መብላት

ኮምፒውተር ብዙ ነገር ይችላል፤ ንቆ ማለፍ ግን አይችልም። ሌላውን ድክመቱን ባለሙያዎቹ አንድ በአንድ እያረሙለት ነው። ይህችን ግን ሙሉ በሙሉ አልነቀሉለትም፤ የኛ የድሃ ተጫዋቾች እንጀራም ይህችው ናት።

ነገሩ የገባኝ ዋጃ ነው። ዋጃ ማለት ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ የሚደርስባት ከተማ ናት፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ደጋው፣ መሃሉ ላይ ማሽላ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ትነዳዋለች። ጥላ ካላቸው ቤቶች አንዱ ጌም ቤት ነው። ከፊት ሁለት ቴሌቪዥን፣ በስክሪን ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ከጀርባቸው ተራ የሚጠብቁ፣ ከነሱ ጀርባ ደግሞ ሳንቲም ሳይከፍሉ ከሁሉ በላይ የሚጮኹ አሰልጣኞች። ጥጉ ላይ አቧራ የጠገበ ኮምፒውተር አለ፤ ኳስ ያልሆነልን ሰዎች መሸሸጊያ። የተጫነበት ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ቁጥር 2 ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር እየተፈራረቅን እንጫወታለን። ዘጠነኛ ክፍል ነው። «ጋሼ» ነው የሚለኝ፤ ስሸነፍ ግን ጋሼነቴ ትንሽ ይላላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። መንደር ይመሠረታል፤ ሰዎቹ ያርሳሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ወርቅ ይቆፍራሉ፤ በተሰበሰበው ወታደር ይወጣል፤ ከዚያ ጎረቤት ይወረራል። የወጣው በ1999 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2015 ደግሞ «የአፍሪካ መንግሥታት» የሚል ጭማሪ ሲወጣለት ኢትዮጵያውያን ከማሊ፣ ከበርበርና ከፖርቱጋል ጋር ገቡበት። ዮዲትም አምስት ምዕራፍ ያለው ዘመቻ ተሰጣት። ወታደሮቻችንን ጠቅ ሲያደርጓቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። ቀስተኞቻችን ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ። ሾተል የያዘው ጀግናችን በጥቂት ሰከንድ ተመልምሎ ይወጣል፤ በዚያው ፍጥነትም ይሞታል። እኔን ግን ከሁሉ ያስደሰተኝ ሌላው ሀገር ከፍሎ የሚያገኘው የጦር ያዥ ማዕረግ ለኛ በነጻ መሰጠቱ ነው። ፈረንጅ ቁጭ ብሎ፣ «ለኢትዮጵያዊ ምን ቢሰጡት ይስማማዋል?» ብሎ አስቦ አስቦ፣ «ጦር» አለ።

ጦር ያዥ ደግሞ የዛሬው ጉዳያችን ነው። ዋጋው 35 ምግብና 25 እንጨት ብቻ ነው። ጥሩር የለበሰው ፈረሰኛ 60 ምግብና 75 ወርቅ ይፈልጋል። የፋርስ ዝሆን፣ በጥንቱ እትም፣ 200 ምግብና 75 ወርቅ ያስወጣል፤ ላይፉ 450 ነው። የጦር ያዡ ላይፍ 45። አሥር ጦር ያዥ ቢደራረብ ነው አንድ ዝሆን የሚሞላው ማለት ነው። ነገር ግን የጨዋታው ሠሪዎች ለጦር ያዥ አንድ ምስጢር አቀብለውታል፤ ፈረስና ዝሆን ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለአንዱ ዝሆን በወጣው ሀብት አራት ጦር ያዥ ተመልምሎ ትርፍ ይኖራል፤ አራቱ ከበው ሲወጉት ዝሆኑ ማንን እንደሚረግጥ ግራ ይገባዋል። በዚያ ላይ ወርቅ ያልቃል። እንጨት ግን ከጫካው፣ ምግብም ከእርሻው ይቀጥላል። ጨዋታው ሲረዝም ጌታው ፈረሰኛ ወርቅ አጥቶ ታሪክ ይሆናል፣ ሜዳው ላይ ጦር ያዥ ብቻ ይቀራል። ሠልጥነናል የሚሉት ተጫዋቾች እነዚህን ወርቅ አልባዎች «ትራሽ» ይሏቸዋል። ውለታ ቢስነት ነው።

«ርካሽ ወታደር» የሚለውን ቃል በተመለከተ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዋጃ በዋናው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በቅርቡ ዘመን ጦርነት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስባት አይታለች። እዚያ ተቀምጦ ወታደርን ርካሽ ማለት ለአፍ ይከብዳል። የእውነቱ ወታደር በ35 ምግብ አይገኝም፤ እናት አለው። ስለዚህ ርካሽ የምንለው ሥዕሉን ነው። የእህቴ ልጅ እንኳ ጦር ያዦቹ ሲያልቁበት «ቆርኪ ነው፣ ቆርኪ ነው» ይላል እንጂ በሰው ስም አይጠራቸውም።

ቆርኪ ያለው ከዳማ ወስዶ ነው። ካርቶን ላይ የተሰመረ ሰሌዳ፣ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው። የዳማ ትልቁ ጥበብ አንድ አስበልቶ ሦስት መብላት ነው። ዳማ ላይ ግን ለሚበላው ሰው ይቅርታ አለው፤ የሚበላ ካለ መብላት ግዴታ ነውና። ወጥመዱ ወለል ብሎ እየታየው፣ ከዳር የቆሙት እየሳቁበት፣ ምራቁን ውጦ ይበላል። ሕግ ነው፣ ማን ይፈርድበታል? ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ኮምፒውተሩ ማንም ሳያስገድደው ነው ዘሎ የሚበላው።

በነገራችን ላይ በተራ ሳይሆን ሁለቱም ወገን እኩል የሚንቀሳቀስበት ጨዋታ የኮምፒውተር ዘመን ግኝት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በድሮው የኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈለጋቸው፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህንንም «ወረራ» ይሉታል። ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያያቸው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ደግሞ በዚያ ጨዋታ ንጉሡን በፈረስ መግደል ያን ያህል አያስመሰግንም፤ የሚያስጨበጭበው አቅም በሌላቸው በትናንሾቹ መግደል ነው። ራሶቹ የገባቸው ነገር የዛሬዎቹ «ትራሽ» ባዮች አልገባቸውም።

ወደ ጥጋችን እንመለስ። ጨዋታው ሲጀመር ለኛ አንድ ቃፊር ፈረሰኛ በነጻ ይሰጠናል፤ ሀገር እንዲያይ ነው። እኛ ግን ሀገር ማየቱን ቶሎ አስጨርሰን ነገር ፍለጋ እንልከዋለን። ቃፊሩ ወደ ኮምፒውተሩ መንደር ይሄድና እንጨት ቆራጩን አንዴ ወጋ ያደርገዋል። አንዴ ብቻ። አይገድለውም፣ ሰላም እንደማለት ነው። በዚህን ጊዜ ኮምፒውተሩ ያለውን ሠራዊት በሙሉ፣ ስንት ወርቅ የፈሰሰበትን ፈረሰኛ ሁሉ፣ በአንዲት ከሲታ ፈረስ ላይ ይለቅባታል። ቃፊሩ ቀላል ነው፤ የጨዋታውን የመጀመሪያ ዘመን ከተሻገረ በኋላ ከባዱን ፈረሰኛ በሩጫ ይበልጠዋል። ጫካውን ዞሮ፣ ወንዙን ታኮ፣ ጭራውን እያሳየ ጦር ያዦቻችን ተሰልፈው ወደሚጠብቁበት ያመጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም፤ ፈረስ ለሚወድ ሰው ያሳዝናል። ቀሪዎቹ ጦር ያዦች ደግሞ በሌላ በኩል ጠባቂ የሌለውን መንደር ይገባሉ።

በሚቀጥለውም ጨዋታ ያው ነው። በሚቀጥለውም። ሰው ቢሆን በሁለተኛው ያፍራል። ይህ ግን አያፍርም፣ ምክንያቱም የሚመራው በሕግ ዝርዝር ነው፤ ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ያ ከሆነ ያን አድርግ። «መንደርህ ከተነካ ተከላከል» የሚል መስመር ተጽፎለታል። የነካው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ ለምን ብቻውን እንደመጣ የሚጠይቅ መስመር ግን አልተጻፈለትም። የእያንዳንዱን ወታደር ዋጋ እስከ መጨረሻዋ እንጨት ያውቃል፤ ያ ወታደር እዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚያወጣ ግን አያውቅም። በነጻ የተሰጠ አንድ ፈረስ ስንት መቶ ወርቅ ከቤቱ ሲያስወጣው የሚከስረው እሱ መሆኑን የሚነግረው የለም።

«ግን ማታለል አይደለም ወይ?» ለሚል አንባቢ መልስ አለኝ። የጥንቱ እትም ኮምፒውተር በከባዱ ደረጃ ሲጫወት ከኛ በላይ ሀብት በድብቅ ይሰጠው ነበር። ከሌባ ጋር በእውነት የሚጫወት የለም። በ2019 የወጣው የታደሰው እትም ኮምፒውተር ግን አያጭበረብርም፤ በጭንቅላቱ ነው የሚጫወተው ይባላል። እሱ ሲመጣ እኛም እናስብበታለን። የኛ ጥግ ያለው ማሽን ገና እዚያ አልደረሰም።

ሌላም ጨዋታ ላይ ይህ ጉድ አለ። በ1995 በወጣው ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ላይ ታንክ አለ፣ ሄሊኮፕተር አለ፤ ኮምፒውተሩን ጉድ የሠራው ግን አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነው። አንዱ ጆንያ በጨዋታው ገንዘብ 50 ነው፣ እዚያ ቤት ከሱ የሚረክስ የለም። ተጫዋቹ ጆንያውን ከራሱ ሰፈር ጀምሮ አንዱን ካንዱ እያስነካ ይደረድርና እስከ ጠላት በር ያደርሰዋል፤ ከዚያ በሩን ይዘጋበታል። ኮምፒውተሩ ጆንያን ከጠላት አይቆጥረውም፣ አይተኩስበትም። ታንኮቹ ተቆልፎባቸው እርስ በርስ ሲተያዩ ይኖራሉ። እዚህ ላይ «ንቆ ማለፍ አይችልም አላልክም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህ ንቀት አይደለም፤ አለማየት ነው። ንቀት አይቶ ነው።

ይህን ልዩነት ያስረዳኝ አጎቴ ነው፣ ጨዋታውን አንዴም ሳይነካ። ጊዜው ጥቅምት ነበር፣ ማሽላው እሸት ይዟል፤ የእህቴን ልጅ ለጥበቃ ሊጠሩት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ስክሪኑን ትንሽ አዩት።

«ያ ሁሉ ፈረሰኛ ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?»

«አንዱን ፈረስ እያባረሩ ነው፣ አባባ» አላቸው ልጁ።

«አንዱን?»

«አዎ።»

«ሌላ ሥራ የላቸውም?»

ስለ ኮምፒውተር ብልሃት የተጻፈ ትችት አንብቤያለሁ፤ ከዚህ አጥሮ ከዚህ የበለጠ የተናገረ አላየሁም። ቀጠሉና ግሪሳን አመጡ። ግሪሳ አንዷ 20 ግራም አትመዝንም ቢባል ውሸት አይሆንም፣ ብትመዝንም ለጥቂት ነው። በቀን የምትበላው ወደ 10 ግራም ነው። ብቻዋን ስትታይ የምታሳዝን ወፍ ናት። አንድ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ ግን በቀን 100 ኩንታል ማሽላ ነው፤ መንጋዋም ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ከማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ የቆመ አዲስ ጠባቂ መጀመሪያ በዳር በኩል ጥቂቶቹ ሲያርፉ ያያል። ይጮኻል፣ ጠጠር ይወረውራል፣ አልበቃው ሲል ከማማው ወርዶ በእርሻው ውስጥ ያባርራቸዋል። እሱ ማሽላው ውስጥ ተውጦ ሰማይ እንኳ በማይታየው ሰዓት ዋናው መንጋ በሌላው ዳር ያርፋል።

«የኔ አባት የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር» አሉ አጎቴ። «ዳር ላይ ያረፉትን ጥቂቶች እያቸው፣ ተዋቸው። ቢበሉም ይብሉ። ከማማው አትውረድ።»

«ካልወረዱ ግን ያቺኛዋ ዳር ትበላለች» አልኳቸው።

«ትበላ። እህል ያለው ሰው ትንሽ ማስበላት አለበት።»

ዳማም ቃፊርም አያውቁም፤ ያሉት ግን አንድ አስበልቶ ሦስት ማዳን ነው። የወፍ ጥበቃ የማያውቅ ሰው ንቆ ማለፍን ከስንፍና ይቆጥረዋል። እንዲያውም ከሩጫ ይልቅ ይከብዳል፤ የገዛ እህልህ ሲበላ ቆመህ ማየት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የጌም ቤቱ ቋንቋ ተለወጠ። የኮምፒውተሩ ሠራዊት ከመንደሩ ሲወጣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ዞረው «ወረደ! ከማማ ወረደ!» ብለው ይጮኻሉ። አሰልጣኞቹም አዲስ ሙያ አገኙ።

የድሮ ማሽን ስለሆነ ነው እንዳትሉ ስለ አዲሱም ልንገራችሁ። ዲፕማይንድ የተባለው የጉግል ቤተሰብ ኩባንያ አልፋስታር የሚባል ተጫዋች ሠርቶ ስታርክራፍት 2 አስተማረው። በጥር 2019 ውጤቱ ለዓለም ተገለጸ፤ ቲኤልኦ የሚባለውን ጀርመናዊና ማና የሚባለውን ፖላንዳዊ ባለሙያ 5 ለ 0፣ 5 ለ 0 አሸንፏቸዋል። እነዚያ አሸናፊዎች እያንዳንዳቸው እስከ 200 ዓመት የሚደርስ ጨዋታ ተለማምደዋል ተባለ። ልምምዱ በሰው ዕድሜ ቢቆጠር ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ማግሥት ጀምሮ ሲጫወቱ ኖረዋል ማለት ነው። ከዚያ በዚያው ዕለት በቀጥታ ስርጭት ማና ከአንድ ሌላ አልፋስታር ጋር እንደገና ተጋጠመ። ይህኛው የሚያየው እንደ ሰው በካሜራ መስኮት ብቻ ነበር። ማና ጥቂት ወታደሮች በምትበር ማመላለሻ ጫነና ከጠላቱ ሰፈር ጀርባ አወረዳቸው። የአልፋስታር ሠራዊት በሙሉ ተመለሰ። ማና ወታደሮቹን ጭኖ ዞር አለ። ሠራዊቱ ወደ ፊት ወጣ። ማና ተመልሶ አወረዳቸው። ሠራዊቱ በሙሉ እንደገና ተመለሰ። እንዲህ እያመላለሰው ጊዜ ገዛ፣ በተገዛው ጊዜ የሚያሸንፍበትን ጦር ሠራ፣ አሸነፈ። እርግጥ አልፋስታር በዚያው ዓመት መጨረሻ ከላይኛው የተጫዋቾች ደረጃ ደርሷል፤ ልጁ ይማራል። ያን ቀን ግን ሁለት መቶ ዓመት የለመደ ዘር ከዞብል ሥር ያለ ማንኛውም ወፍ ጠባቂ የሚያውቀውን አላወቀም።

ሰው ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። የጌም ቤቱ ልጅ ላፕቶፑን አምጥቶ ከጥጉ ማሽን ጋር በገመድ አገናኘውና ተጋጠምን። ቃፊሬን ላክሁበት። እንጨት ቆራጩን ወጋሁለት። ልጁ ስክሪኑን አየት አደረገ፣ እጁን ወደ ቆሎው መለሰ። ደግሜ ወጋሁ። ቆራጩን ወደ ማዶ ፈቀቅ አደረገው፣ ሌላ ምንም የለም። ፈረሴ እንደ ቱሪስት መንደሩን ስትዞር ዋለች፤ ማንም «ከየት መጣሽ?» አላላትም። በመጨረሻ በእንጨት አጥር ከውስጥ ዘጋባትና የሱ ሆነች። ትልቅ የጦር ጥበብ አላየሁበትም። ቆሎ ነው ያዳነው።

ስለዚህ ምክሬ ከኮምፒውተር ጋር ለምትጋጠሙ ብቻ ነው። ወርቃችሁን ገና በጠዋቱ በፈረሰኛ አትጨርሱ። ጦር ያዥ አብዙ፤ የኢትዮጵያን ወገን ከመረጣችሁ ማዕረጉ በነጻ ነውና አታሳልፉት። ቃፊሩን በአንድ በኩል፣ ጦሩን በሌላ በኩል ላኩ። ከሰው ጋር ከሆነ መጀመሪያ ቆሎ አለመያዙን አረጋግጡ። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፤ መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ዝሆኑ ሊወድቅ ሲል ነው።